የኑቬል ፍራንስ ቅድመ አያቶችንና የስም ልማዳቸውን ስለመፈለግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ይቆጥራሉ፤ ያስጠኗቸው አያታቸው ናቸው። በእናታቸው በኩል ግን ቆጠራው ከቅድመ አያት አያልፍም ነበር። ባለቤቴ የኩቤክ ተወላጅ ናት፤ የቤተሰቧ ስም ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ግን በቤቱ አልነበረም። የልጆቹ የዘር ሐረግ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ብዬ ፍለጋውን ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ትዳር የያዙና የወለዱ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝን ከነመልሱ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኑቬል ፍራንስ የሚባለው የትኛው አገር ነው?

ቃሉ «አዲሲቱ ፈረንሳይ» ማለት ነው። ፈረንሳይ በሰሜን አሜሪካ የያዘችው ቅኝ ግዛት ስም ሲሆን፣ እምብርቱ ዛሬ ኩቤክ በምንለው ምድር በሴንት ሎረንስ ወንዝ ግራና ቀኝ ነበር። ሳሙኤል ደ ሻምፕሌን የኩቤክን ከተማ በ1608 ቆረቆረ፤ ትሯ ሪቪዬር በ1634፣ ሞንትሪያል በ1642 ተከተሉ። ሊኖር ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣው የመጀመሪያው ሰው ሉዊ ኤበር ነው፤ ከሚስቱ ከማሪ ሮሌ ጋር በ1617 ገባ። በፓሪስ ሳለ መድኃኒት ቀማሚ ነበር።

በ1666 ዣን ታሎን የተባለው የንጉሡ ሹም ሕዝቡን ቤት ለቤት ሲያስቆጥር የተገኘው 3,215 ሰው ብቻ ነው። ሞንትሪያል ለእንግሊዞች እጅ በሰጠችበት በ1760 ግን ወደ 70,000 ደርሰው ነበር። ይህን ያህል የበዙት ከባሕር ማዶ ሰው ጎርፎላቸው ሳይሆን በወሊድ ነው፤ መጥተው፣ ቀርተው፣ ዘር የተኩት ወደ 10,000 ገደማ ናቸው። መነሻው ጥቂት ሰው በመሆኑና የእነዚያን ጥቂቶች ልደት፣ ጋብቻና ሞት ካህናቱ በመመዝገባቸው፣ ብዙ የኩቤክ ቤተሰብ ከ12 እና ከ13 ትውልድ በፊት የነበረውን አያቱን በስም ማግኘት ይችላል።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

በሕይወት ካሉት። የባለቤታችሁን ወይም የልጃችሁን አያቶች ጠይቁ፤ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን የት ደብር እንደተጋቡ ጠይቁ። የሚፈለገው ሰነድ የጋብቻ መዝገብ ነው። የኩቤክ ካቶሊክ ካህን ሁለት ሰዎችን ሲያጋባ የሙሽራውን እናትና አባት፣ የሙሽሪትንም እናትና አባት በየስማቸው ይጽፋል። እናቶቹ የሚጻፉት በባላቸው ስም አይደለም፤ በተወለዱበት ስማቸው ነው። ስለዚህ አንድ ጋብቻ ካገኛችሁ ሁለት የቀደሙ ጥንዶችን አገኛችሁ ማለት ነው። የእነሱን ጋብቻ ስታገኙ ደግሞ አራት ጥንዶች ይወጣሉ። ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሚወጣው በዚህ መሰላል ነው።

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ይህን ይያዝ፦ ስም አትፈልጉ፤ ጥንድ ፈልጉ። ዣን ርዋ የሚባል ሰው በአንድ አውራጃ ውስጥ በደርዘን ሊቆጠር ይችላል። የእገሊት ባል የሆነው ዣን ርዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። የወንዱ ስም በየመዝገቡ ሲቀያየር የሚስቱ ስም ነው ማንነቱን የሚመልሰው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሙሽራው ሚስቱ የሞተችበት፣ ሙሽሪትም ባሏ የሞተባት ከሆነች፣ ካህኑ ወላጆችን መጻፍ ትቶ «የእገሊት ባል የነበረ»፣ «የእገሌ ሚስት የነበረች» ብሎ ያልፋል። ያኔ አትደናገጡ፤ ወደ መጀመሪያው ጋብቻ ተመለሱ፣ ወላጆቹ እዚያ አሉ።

ሴቶቹ ሲያገቡ ስማቸውን አይለውጡም ነበር?

በመዝገብ ላይ አይለውጡም። ሴት ልጅ በተጠመቀችበት የአባቷ ስም ታገባለች፣ ልጆቿ ሲጠመቁ በዚያው ስም ትጻፋለች፣ በዚያው ትቀበራለች። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን አግብተው የአባታቸውን ስም እንደያዙ ነው የኖሩት። የእንግሊዝ ተወላጆችን ሐረግ የሚፈልጉ ሰዎች ሴቲቱ ስታገባ ከመዝገብ ትሰወርባቸዋለች፤ በኩቤክ ግን የእናት ወገን ከአባት ወገን እኩል ርቀት ይሄዳል። እኔ ይህን ሳውቅ ነው ፍለጋውን የወደድኩት።

በኋለኛው ዘመን በኑሮ ላይ «ማዳም እገሌ» መባል ተለምዶ ነበር። በ1981 ደግሞ ሕጉ ራሱ ወደ ቀድሞው መለሰው፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ በኩቤክ ያገባች ሴት መብቷን የምትጠቀመው በልደት ስሟ ነው።

በስሙ መካከል «ዲ» የሚል ቃል አለ። ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው፤ እኔንም ወራት አባክኖብኛል።

«ዲ» በፈረንሳይኛ «የሚባለው» ማለት ነው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ «ት» አለበት፤ ለሴት ሲሆን «ዲት» ተብሎ ይነበባል። ፒየር ኡዶን ዲ ቦልዩ ማለት «ቦልዩ የሚባለው ፒየር ኡዶን» ነው። ኡዶን የአባቱ ስም ነው፤ ቦልዩ የተጨመረለት መጠሪያ።

የልማዱ ትልቁ ምንጭ ጦሩ ነው። በፈረንሳይ ሠራዊት ውስጥ ወታደር ሲቀጠር የጦር ስም ይወጣለት ነበር። ላፍለር (አበባው)፣ ላቱሊፕ፣ ሳን ሱሲ (ሐሳብ የሌለበት)፣ ዦሊከር (መልካም ልብ)፣ ቫድቦንከር (በደስታ የሚሄድ)፣ ትራንሽሞንታኝ (ተራራ ቆራጭ)። የእኛ ሰው የፈረስ ስምን ያስታውስ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ያለ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የፈረስ ስም ለልጅ አይተላለፍም፣ ዲ ግን ይወረሳል። ከ1716 ጀምሮ ደግሞ በንጉሥ ትእዛዝ የእያንዳንዱ ወታደር የጦር ስም በሠራዊቱ መዝገብ ላይ ከዋናው ስሙ ጋር ይሰፍር ነበር።

በ1665 የካሪንያን ሳሊዬር ክፍለ ጦር ከኢሮኳ ሕዝቦች ጋር ሊዋጋ ወደ ኑቬል ፍራንስ ሲመጣ ወደ 1,200 የሚጠጉ ወታደሮች ነበሩት። ጦርነቱ ሲያበቃ 400 ያህሉ መሬት ተሰጥቷቸው ቀሩ። ከጦር ስማቸው ጋር ነው ገበሬ የሆኑት። መኮንኖቹም ስማቸውን ለአገሩ አወረሱ፤ ዛሬ ሶሬል፣ ሻምብሊ፣ ኮንትረከር፣ ቬርሼር ተብለው የሚጠሩት ቦታዎች በእነሱ የተሰየሙ ናቸው።

ሁሉም ዲ ግን ከጦር የመጣ አይደለም። አንዳንዱ የመጣበትን አገር ያመለክታል፦ ላንዥቫን የአንዡ ሰው፣ ለ ፒካር የፒካርዲ ሰው። ሌላው ከመሬቱ የተወሰደ ነው፤ ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ አንዱ ባለ ወንዙ፣ ሌላው ባለ ዛፉ ተብሎ ይለያል። የአባት የክርስትና ስም ወደ ዲ የተለወጠበት ጊዜም አለ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ልጅ በአባቱ ስም ይጻፋል፣ ወንድሙ በዲው፣ ሦስተኛው በሁለቱም። ያው ሰው ራሱ ሲጠመቅ በአንዱ፣ ሲያገባ በሌላው ሊገኝ ይችላል። ልማዱ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ እየጠፋ ሲሄድ እያንዳንዱ ቤት ከሁለቱ አንዱን ይዞ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ የፒየር ኡዶን ዘሮች ግማሾቹ ኡዶን፣ ግማሾቹ ቦልዩ ይባላሉ። ከአንትዋን ርዋ ዲ ዴዣርዳን የወረዱት ርዋም ዴዣርዳንም ናቸው። ሚቪልና ዴሼን የተባሉት ቤተሰቦችም እንዲሁ አንድ ግንድ አላቸው። ዴዣርዳን የተባለ ሁሉ ግን ከአንትዋን ይወርዳል ማለት አይደለም፤ አንድ ዲ ብዙ የማይዛመዱ ቤቶች ይዘውታል። ላፍለር የተባለ ወታደር በየሻምበሉ ነበር።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በባለቤቴ ሐረግ ላይ አንድ ሰው ከጋብቻው በፊት ጨርሶ የለም፤ ሌላ ሰው ደግሞ ተጠምቆ ሳያገባና ሳይሞት ከመዝገብ ይጠፋል። ሁለት ሰዎች ናቸው ብዬ ብዙ ደከምኩ። አንድ ሰው ነበሩ። አንዱ ስም የአባቱ፣ አንዱ ዲው ነበር። ያገኘሁት በእናቱ ስም ነው፤ የጥምቀቱም የጋብቻውም መዝገብ ላይ ያችው እናት፣ በዚያው በልደት ስሟ ተጽፋለች።

«ደ» የሚል ቃል ካለውስ መኳንንት ናቸው ማለት ነው?

አይደለም። «ደ» «የ» ማለት ነው፤ ከመሬት ወይም ከአገር ስም ጋር ማንም ሊያስከትለው ይችላል። ባላባትነት በሰነድ ይረጋገጣል እንጂ በዚህች ቃል አይታወቅም።

አንድ ስም አሥር ዓይነት ሆኖ የተጻፈው ለምንድን ነው?

ባለቤቶቹ አብዛኞቹ መጻፍ ስለማይችሉ ነው። በየመዝገቡ ግርጌ ወላጆቹና ምስክሮቹ «መፈረም እንደማይችሉ ተናግረዋል» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ካህኑ የሰማውን እንደሰማው ጻፈ፤ ከኖርማንዲ የመጣ ካህን በአንድ መንገድ፣ ከፓሪስ የመጣው በሌላ። በፈረንሳይኛ ደግሞ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ይጻፋል፤ «ኦ» ብቻ አራትና አምስት መልክ አለው። ስሙን በዓይን ከመፈለግ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። በጆሮ አንድ ከሆነ አንድ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በጥንዱ አረጋግጡ።

ሴቱ ሁሉ ማሪ፣ ወንዱ ሁሉ ጆሴፍ ነው። እንዴት እለያቸዋለሁ?

ይህ በተለይ የ19ኛው መቶ ዓመት ልማድ ነው። በቅኝ ግዛቱ መጀመሪያ ዘመን ልጅ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አንድ ስም ነው፤ እሱንም የሚያወጡት የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ናቸው። የራሳቸውን ስም ይሰጡታል። የክርስትና አባት የሚሆነው አያት ወይም አጎት በመሆኑ ስሙ በቤተሰቡ ውስጥ ይዞራል። በቅዱሳን በዓል የተወለደም አለ፤ ኅዳር መባቻ የሁሉም ቅዱሳን በዓል ስለሆነ ቱሳን፣ በገና የተወለደ ኖኤል ይባላል።

ኋላ ላይ ለወንዱ ሁሉ ጆሴፍ፣ ለሴቷ ሁሉ ማሪ ከፊት ማስቀደም ደንብ ሆነ። ጆሴፍ ሉዊ አልፍሬድ ተብሎ የተጠመቀ ልጅ ጆሴፉ ለቅዱሱ፣ ሉዊው ለክርስትና አባቱ ነው፤ ቤተሰቡ የሚጠራው አልፍሬድ ብሎ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ስም ያዙ። ጋብቻው ላይ የምታገኙት እሱን ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛም በክርስትና ስማችንና በዓለም ስማችን መካከል እንዲህ ያለ ርቀት ስላለን ነገሩን ለማስረዳት አልቸገርም።

ተለዋዋጭ ስሞችም አሉ። ኤሊዛቤትና ኢዛቤል አንድ ስም ሆነው ያገለግላሉ፤ ዣን ባቲስት የተባለው ባቲስት ብቻ ተብሎ ይገኛል፤ ጆሴፍት የጆሴፍ የሴት መልክ ናት።

በአንድ ቤት ሁለት ልጆች አንድ ስም ይዘው አገኘሁ። ስህተት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሞቶ ነው። ልጅ ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ስሙን መስጠት የተለመደ ነበር። የቀብር መዝገቡን ሳታዩ «ይህ ነው ያገባው» አትበሉ። አንዳንዴ ሁለቱም በሕይወት እያሉ አንድ ስም ይዘው ይገኛሉ፤ የክርስትና አባቶቻቸው ስም አንድ ሆኖ ነው።

ሕፃኑ የሚጠመቀው በተወለደበት ዕለት ወይም በማግስቱ ነው። ነፍሱ የምታሰጋ ከሆነ አዋላጇ ራሷ ቤት ውስጥ ታጠምቀዋለች፤ ካህኑ ይህንን ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ በዚያው ገጽ ዝቅ ብሎ ቀብሩ ይገኛል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመኝ ስሙንም ቢሆን ሐረጉ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ልጃቸው ነበርና።

መዝገቦቹ የት ይገኛሉ? ሙሉስ ናቸው?

ለዚያ ዘመን የሚያስደንቅ ሙላት አላቸው። ምክንያቱ ቅጂ ነው፤ ከ1679 ጀምሮ መዝገቡ በሁለት ቅጂ እንዲያዝ ታዘዘ፤ አንዱ በደብሩ ይቀራል፣ አንዱ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ደብሩ ቢቃጠል የፍርድ ቤቱ ቅጂ ይተርፋል። ከዚያ በፊት የደረሰው ጥፋት ግን አለ። በ1640 የኩቤክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል መዝገቡ አብሮ ነደደ፤ ከ1621 ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ሰዎች የሚያስታውሱትን ተጠይቀው በቃል የተመለሰ ነው። የቀደሙት ኢየሱሳውያን ካህናት አንዳንዱን በላቲን ጽፈውታል፤ የቀረው ፈረንሳይኛ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ የመንግሥት የልደትና የሞት መዝገብ ሆኖ እስከ 1993 ማብቂያ አገልግሏል።

ዛሬ ምስሎቹን ከቤት ሳይወጡ ማየት ይቻላል። ፋሚሊሰርች በተባለው ድረ ገጽ ላይ የኩቤክ ካቶሊክ መዝገቦች በነፃ አሉ። ድሩዋን ኢንስቲትዩት በ1940ዎቹ በፊልም ያነሳቸውን በክፍያ ያሳያል፤ የስም ማውጫም አለው። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የታሪካዊ ሥነ ሕዝብ ጥናት ፕሮግራም በ1966 ተጀምሮ እስከ 1799 ያለውን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር፣ ከ600,000 በላይ መዝገብ፣ አንድ በአንድ እያያያዘ ቤተሰብ በቤተሰብ አደራጅቷል። እኔ ከሁሉ የምተማመነው በእሱ ነው። ሲፕሪየን ታንጌ የተባሉ ካህን ከ1871 እስከ 1890 በሰባት ቅጽ ያሳተሙት የቤተሰቦች መዝገበ ቃላትም በነፃ ይገኛል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይህን ያህል ሠርቷል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስህተት ግን አለበት፤ ከእሱ ያገኛችሁትን ዋናው መዝገብ ላይ ሳታዩ አትቀበሉ። ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግማ በፍጹም ዝም ብላችሁ አትገልብጡ።

ከዚህ ሌላ የውል አዋዋዮች ሰነድ አለ፤ የኩቤክ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ብዙውን በነፃ አውጥቶታል። በፓሪስ ባህላዊ ሕግ ይተዳደሩ ስለነበር ተራ ገበሬም ሳይቀር የጋብቻ ውል ይፈጽማል፤ ሲሞት ደግሞ ንብረቱ ለወራሾች ይቆጠራል። የደብር መዝገብ ስም ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። የውርስ ቆጠራው ግን ስንት ላም፣ ስንት ድስት፣ ምን ዓይነት አልጋ እንደነበራቸው ይነግራችኋል።

ቀኖቹ አይገጥሙልኝም።

ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ጸሐፊዎቹ ወርን በቁጥር ያሳጥሩ ነበር። 7 ቁጥር ጽፈው ከኋላው «ብር» ካሉ ሰባተኛው ወር ሳይሆን ሴፕቴምበር ነው፤ በላቲን የወሩ ስም «ሰባት» ከሚለው ቃል ስለመጣ ነው። 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ 10 ወይም የሮማውያን የአሥር ምልክት ዲሴምበር ነው። ሰባትን ጁላይ ብለው የሐረግ ሰንጠረዥ ያበላሹ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የጋብቻ ውል ቀንና የተክሊሉ ቀን ይለያያሉ። ውሉ ቀደም ብሎ ይፈረማል። ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾምና ከገና በፊት ባለው ጾም ያለ ልዩ ፈቃድ አታጋባም ነበር፤ ይህ እኛም የምናውቀው ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሠርግ በጥር፣ በየካቲትና በኅዳር ይበዛል። በጾም መካከል «ጋብቻ» ካገኛችሁ መጀመሪያ የውሉ ቀን መሆኑን ጠርጥሩ።

«የንጉሥ ሴት ልጆች» የተባሉት እነማን ናቸው?

ከ1663 እስከ 1673 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የመርከባቸውን ወጪ ችሎ ሚስት ለሌላቸው ሰፋሪዎች የላካቸው ወደ 770 የሚጠጉ ሴቶች ናቸው። የንጉሥ ልጅ መባላቸው ንጉሡ እንደ አባት ጥሎሽ ስለሰጠላቸው ነው፤ በብዙዎቹ የጋብቻ ውል ላይ 50 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) የንጉሥ ስጦታ ተብሎ ተጽፏል። አባት ወይም እናት የሞተባቸው ብዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የመጡት ከፓሪስ ድሃ መጠለያ ነው። ስለ ምግባራቸው የሚወራው መጥፎ ወሬ መሠረት የለውም፤ ይህን ወሬ ባለቤቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፣ ሰነዱን ሲያዩት ግን ባሕር ተሻግረው በማያውቁት ብርድ ቤት ያቀኑ ሴቶች ታሪክ ነው።

መዝገቡ ላይ «የዝምድና ፈቃድ» ይላል። ምንድን ነው?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስከ አራተኛ ደረጃ ዝምድና ያላቸውን አታጋባም ነበር፤ እኛ እስከ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ማለት ነው። በትንሽ ሰፈር ይህ ስለማይቻል ጳጳሱ ፈቃድ ይሰጣል፣ ካህኑም ደረጃውን ይጽፋል። «ሦስተኛ በሦስተኛ» ካለ ሁለቱም ከአንድ ቅድመ አያት ይወርዳሉ። ሐረጋችሁ የተቆረጠበት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ካገኛችሁ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ የጎደለው አያት ከሌላው ወገን ይገኛል።

የዲኤንኤ ምርመራ የሚያሳስተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት የኩቤክ ሰዎች በአምስትና በስድስት መንገድ ስለሚዛመዱ ውጤቱ ከእውነቱ የቀረቡ ያስመስላቸዋል።

ቤተሰቡ ከአካዲያ ከሆነስ?

አካዲያ ሌላ ቅኝ ግዛት ናት፤ ዛሬ ኖቫ ስኮሺያ በምትባለው አካባቢ በፖር ሮያል በ1605 የተጀመረች። ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች ሕዝቡን ከቤቱ አፈናቅለው በመርከብ በተኑት፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የተባረሩት ከ10,000 አያንሱም። መዝገቦቻቸውም አብረው ጠፉ። የፖር ሮያል ከ1702 ወዲህ ያለው ተርፏል፤ የግራን ፕሬን መዝገብ ስደተኞቹ ተሸክመውት ዛሬ ሉዊዚያና ይገኛል። የቀረውን ክፍተት የሚሞሉት ከ1671 ጀምሮ የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ናቸው።

አካዲያውያን አንድ ደስ የሚለኝ የስም ልማድ አላቸው። በአንድ መንደር ሁሉም አንድ የቤተሰብ ስም ስለሚይዝ ሰውን በአባትና በአያቱ ይጠሩታል፦ «ዣን የፒየር የፖል»። ለእኔ ይህን የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ባሪያ የነበሩና ነባር ሕዝቦችስ በመዝገቡ አሉ?

አሉ፤ ግን ስማቸው የእነሱ አይደለም።

በ1629 አንድ አፍሪካዊ ልጅ ወደ ኩቤክ ተወሰደ። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመጨረሻ የሉዊ ኤበር አማች በሆነው በጊዮም ኩያር ቤት ገባ። በ1633 ሲጠመቅ ኦሊቪዬ ለ ዥን ተባለ፤ ኦሊቪዬ ከንግድ ጸሐፊው ከኦሊቪዬ ሌታርዲፍ፣ ለ ዥን ከኢየሱሳዊው ካህን ከፖል ለ ዥን የተወሰደ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም በየትኛውም መዝገብ የለም። በ1654 ሲሞት «አገልጋይ» ተብሎ ተጻፈ።

ያው ሌታርዲፍ አንዲት የነባር ሕዝብ ልጅንም አሳድጓል። በኅዳር 3 ቀን 1644 ኩቤክ ላይ ማርተን ፕሬቮን ስታገባ ማሪ ኦሊቪዬ ሲልቬስትር ማኒቱዋቤዊሽ ተብላለች። ኦሊቪዬ የአሳዳጊዋ ስም ነው፤ ማኒቱዋቤዊሽ የአባቷ። የእሷ ዘሮች ዛሬ ብዙ ናቸው።

በ1709 ባሪያ መያዝ በግልጽ ትእዛዝ ሕጋዊ ሆነ። ታሪክ ጸሐፊው ማርሴል ትሩዴል ከመዛግብት ለቅመው ወደ 4,200 ባሪያዎች ቆጥረዋል፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ «ፓኒ» በሚል አንድ ቃል የተጠቀለሉ ነባር ተወላጆች ናቸው። በጥምቀትና በቀብር መዝገብ ላይ አንድ የክርስትና ስም፣ ግምት ዕድሜና የጌታው ስም ብቻ ይጻፍላቸዋል። ስለዚህ የሚፈለጉት በባለቤቱ ስም ነው። ሐረጋችሁ ላይ ባለ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ስሙን ጻፉት፤ ቤተሰቡ ውስጥ ኖሯል።

ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተማርከው የመጡ ልጆችም አሉ። ከዲርፊልድ በ1704 የተማረከው ራይዚንግ ሬዘን፣ ከግሮተን የተወሰደው ፋርንስወርዝ ፋነፍ ሆነው ቀርተዋል፤ ዛሬ ዘሮቻቸው ሙሉ በሙሉ የኩቤክ ሰዎች ናቸው።

አያቱ አሜሪካ ሄደው ስማቸው ጠፋብኝ።

ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከኩቤክ ወደ አሜሪካ ፈልሷል፤ ብዙው በኒው ኢንግላንድ ጥጥ ፋብሪካዎች ሊሠራ። ስሙ ወይ በትርጉም ተለወጠ፣ ወይ በድምፅ። ሌብላን ዋይት፣ ርዋ ኪንግ፣ ቡዋቬር ግሪንዉድ፣ ኩርትማንሽ ሾርትስሊቭስ ሆኑ፤ እነዚህ ትርጉም ናቸው። ቤንዋ ግን ቤንዌይ የሆነው በጆሮ ነው። በእንግሊዝኛ ሰነድ አትታገሉ፤ እዚያ በፈረንሳይኛ የሚቀድሱ ደብሮች ነበሩ፣ መዝገባቸውም እንደ ኩቤኩ ወላጆችን ይጽፋል።

ባሕሩን ተሻግሬ ፈረንሳይ ውስጥ መቀጠል እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ። የመጀመሪያው ሰፋሪ ጋብቻውን በኩቤክ ከፈጸመ ካህኑ የመጣበትን ደብርና ሀገረ ስብከት ይጽፋል። «ፊሺዬ ኦሪዢን» የተባለው ነፃ የመረጃ ቋት በፈረንሳይ መዝገባቸው የተገኘላቸውን ሰፋሪዎች ይዘረዝራል፤ የየአውራጃው ቤተ መዛግብትም ምስሉን በነፃ ያሳያል። ከኖርማንዲ፣ ከፔርሽ፣ ከፕዋቱና ከላ ሮሼል አካባቢ የመጡት ዕድል አላቸው። ከፓሪስ የመጡት ግን የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የከተማዋ መዝገቦች በ1871 ቃጠሎ ወድመዋል።

ትራምብሌ የተባለ ሁሉ ዘመድ ነው?

አዎ። በኩቤክ ያሉት ትራምብሌዎች ከአንድ ጥንድ ይወርዳሉ፤ ከፔርሽ የመጣው ፒየር ትራምብሌ በ1657 ኦዛን አሾንን አገባ፣ 12 ልጆችም ወለዱ።

በዘር ብዛት ግን የሚበልጣቸው አለ። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲው ስሌት መሠረት ከ1800 በፊት ካገቡት መካከል 10,850 ሰዎች የዛካሪ ክሉቲዬ ዘር ነበሩ፤ ያን ያህል ያፈራ ሌላ ሰፋሪ የለም። አናጢ ነበር፤ በ1634 ገደማ ከሚስቱ ከሳንት ዱፖን ጋር መጣ። ልጆቼም በእናታቸው በኩል በሦስት መንገድ ከእሱ ይደርሳሉ። መጻፍ አይችልም ነበር። በ1636 ለልጁ ለአን በተደረገው የጋብቻ ውልና በሌሎቹም ሰነዶቹ ላይ በፊርማ ፈንታ የሚያኖረው ምልክት መጥረቢያ ነው።